የአባታችን ድምፅ በብርሃን ከተማ

ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ መልኩ በፎቶግራፍ፣ ቃሉ በደብዳቤ፣ ምግባሩም በልጆቹ ሕይወት ይቀራል። ድምፁ ግን ፈጥኖ ይጠፋል። የእናቱን ፊት ዐይኑን ጨፍኖ ማየት የሚችል ሰው፣ ድምፅዋን በልቡ መልሶ ለመስማት ሲሞክር ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። ቀደምት ሊቃውንት ይህን ያውቁ ነበርና የቅዱስ ያሬድ ዜማ እንዳይጠፋ ብዙ ደክመዋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ማዘጋጀታቸው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ምልክት ብቻውን አይዘምርም፤ ከመምህር አፍ ወጥቶ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚገባ ሕያው ድምፅ ያሻዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምናቀርብላችሁ የጉዞ ማስታወሻ የአንድ አባት ድምፅ ሊጠፋ ሲል እንዴት እንደ ተገኘ፣ ድምፁን የያዘው ሲዲም በየት አገርና በእነማን ጥበብ እንደ ተሠራ የሚናገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አባታችን በጎጃም አንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ወንድማችን የጾመ ድጓውን ዜማ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ድረስ ከየሰንበቱ ጥቂት ጥቂት እያዜሙለት በካሴት ቀድቶት ነበር። ወራቱ ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ ከበሮና ጸናጽል አይሰማበትም፤ የሚሰማው የአባታችን ድምፅ፣ መቋሚያቸው መሬቱን ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ፣ አልፎ አልፎም ሳላቸውና የሩቅ ዶሮ ጩኸት ነው። በ2004 ካሴቱን ወደ ሲዲ አስገለበጥነው። ከዚያ በኋላ ካሴቱ እርጥበት አግኝቶት ሲሻግት፣ «ሲዲው አለልን፤ ሲዲ ለዘላለም የሚኖር ነው» ብለን ጣልነው። እንዲህ ያለ ስንፍና የሠራን ሌሎች ሳንሆን እኛው ራሳችን ነን።

ሲዲውን በኔዘርላንድ አገር በአይንድሆቨን ከተማ የምትኖረው እኅታችን ወሰደችው። ባለፈው ዓመት በጾሙ መግቢያ ላይ ስልክ ደውላ፣ «የአባባ ድምፅ መንተባተብ ጀምሯል፤ ደብረ ዘይት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል» አለችን። ድምፅዋ እንደ ታመመ ሰው ዜና የምታወራ ይመስል ነበር። እኛም ለመሄድ ቈርጠን ተነሣን።

ከአምስተርዳም ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዘ በኋላ አይንድሆቨን ይደርሳል። አገሩ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ተራራ ለለመደ ዐይን የሚያርፍበት ነገር ያጣል። ከተማውን ዶመል የሚባል ትንሽ ወንዝ ያቋርጠዋል። ከመካከሉ ሁለት ረጃጅም ማማዎች ያሉት በቅድስት ካትሪና ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ ወጣ ብሎም ኤቮሉዮን የተባለው በ1966 የተከፈተ ሕንፃ፣ የተደፋ ጻሕል መስሎ በእግሮቹ ላይ ቆሟል። የከተማው ሰዎች አገራቸውን «የብርሃን ከተማ» ይሉታል፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እናያለን።

እኅታችን ቤት የደረስነው በመፃጉዕ ሰንበት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ ነበር። የምስር ወጥና ጎመን ከበላን በኋላ የቤቱን ሥርዐት አየንና ደነቀን። ከበሩ አጠገብ አንድ የስፌት ሙዳይ ተቀምጧል። እኅታችን፣ ባልዋና ሁለቱ ልጆቿ ስልካቸውን እያጠፉ በሙዳዩ ውስጥ ጨመሩ፤ እኛም ያለ ነገር ስናመነታ የዐሥር ዓመቱ ልጅ፣ «አጎቴ፣ የእርስዎንም ይስጡኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ከዚያም ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። በግድግዳው ግራና ቀኝ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፣ በመካከላቸውም ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ የሲዲ ማጫወቻና ማጉሊያው ነበሩ። ማጫወቻውን የገዙት በዚያ አገር የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ከሆነው ሱቅ ነው። ሰዎች ያልፈለጓቸውን ሲዲዎች ለእነዚህ ሱቆች ስለሚሰጡ፣ አንዱ ሲዲ ከአንድ ስኒ ቡና ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

በመደርደሪያው ላይ መቶ ያህል ሲዲ ተሰድሯል። ከአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ የተገዙ መዝሙራት አሉ። በፓሪስ የሚገኘው ቡዳ ሙዚክ የተባለው አሳታሚ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚባሉት ሰው አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካወጣቸው «ኢትዮፒክስ» የተባሉ ተከታታይ ሲዲዎች መካከል ዐሥራ አንደኛው የአለሙ አጋ በገና፣ ሃያ አንደኛውም በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እኅታችን ሲዲዎቹን በዓመቱ ወራት ከፋፍላ አስቀምጣቸዋለች፤ በጾም በገና፣ በበዓለ ኀምሳ የደስታ መዝሙር፣ በጽጌ ወራት የእመቤታችን ማሕሌት ይሰማል።

«በስልካችሁ ውስጥ ከዚህ እጅግ የበዛ መዝሙር አይገኝምን?» ብለን ጠየቅናት።

«ይገኛል እንጂ» አለችን። «በመንገድ ላይና በሥራ ቦታ በእርሱ እሰማለሁ፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን እማሆይን በመስማት ላይ ሳለን የሳሙና ማስታወቂያ ሲገባበት፣ አንዱን መዝሙር ሳንጨርስ ልጆቹ ወደ ሌላው ሲዘሉ፣ ሁላችን በአንድ ክፍል ተቀምጠን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ስንሰማ አየሁና ለቤታችን የሚሆነው ይኽኛው ነው አልኩ። ሲዲ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሲያልቅ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ጸሎት እናደርጋለን።»

ይህን ካለች በኋላ የአባታችንን ሲዲ አወጣች። ዳርና ዳሩን ብቻ በጣቶቿ ይዛ በማጫወቻው ላይ አኖረችው። ጥቂት ቆይቶ ከሞቱ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያለፋቸው አባት በዚያ በባዕድ አገር ሳሎን ውስጥ አዜሙ። የመቋሚያው ድምፅ በእግራችን ሥር ያለውን ጣውላ የመታ ያህል ተሰማን። የመፃጉዕ ዜማ በደኅና አለፈ። ከዚያ በኋላ ችግሩን ልታሳየን ብላ ደብረ ዘይትን ስትከፍተው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ አንዲቱን ቃል ደጋግሞ ደጋግሞ ይል ጀመር። በዕድሜያቸው መጨረሻ በሕመም ምላሳቸው ተይዞ የነበረበትን ጊዜ አሳሰበንና እኅታችን ፈጥና አጠፋችው።

ሰኞ ጠዋት በዚያው መንገድ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሄድን። በሥራ ዘመናቸው የሲዲ ማጫወቻ ከሚሠሩት ሠራተኞች አንዱ ነበሩና ዛሬም በጡረታ ላይ ሳሉ የጎረቤቱን ዕቃ ሁሉ ያድሳሉ። ሲዲውን ተቀብለው በመጀመሪያ ወደ መብራት አቅንተው ተመለከቱት። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ደቃቅ ነጥቦች ብርሃን ያሳልፉ ነበር። ቀጥለው ገልብጠው ጽሑፉን አዩና፣ «ይህን በእስክሪብቶ የጻፈው ማን ነው?» አሉ።

የአባታችንን ስም ከነዓመተ ምሕረቱ አጥብቀን የጻፍነው እኛ ነበርንና አፍረን ተናገርን። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ ነገር ግን ወንበር ስበው አስቀመጡንና የሲዲን አሠራር እንዲህ አስረዱን።

ሲዲ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ነገር ነው። አብዛኛው አካሉ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ድምፁ ያለበት ግን ከላይ፣ ጽሑፍ በሚጻፍበት ፊት በኩል ነው። በዚያ በኩል የሚጠብቀው የላዩ ቅብ እጅግ ስስ ነው። ብዙ ሰው የሚያንጸባርቀውን የታች ፊት ብቻ ይጠብቃል፤ እውነተኛው አደጋ ግን ከላይ ነው። በታች በኩል የሚደርስ ቀላል ጭረት ወፍራሙን ፕላስቲክ ብቻ ይነካል፤ ከላይ የሚወጋ የእስክሪብቶ ጫፍ ግን ድምፁን ራሱን ያቈስላል፤ በቍስሉም አየርና እርጥበት እየገባ በዓመታት ውስጥ ያሰፋዋል።

ድምፁ የሚገኘው በቍጥር ተለውጦ ነው። ማሽኑ የድምፁን ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካዋል፤ ልኩንም ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግበዋል። እነዚህ ቍጥሮች ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር በሚዞር አንድ ረጅም መሥመር ላይ ይሰፍራሉ። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ 1.6ቱ ብቻ ነው፤ በአንዲት የራስ ጠጕር ውፍረት ውስጥ ከሠላሳ የሚበልጡ ዙሮች ይገባሉ። ሙሉውን ሲዲ ፈትተን መሥመሩን ብንዘረጋው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሚያነበው መርፌ ሳይሆን ሌዘር የሚባል ቀጭን ብርሃን ነው። ሸክላ በተሰማ ቍጥር በመርፌው ይፋቃል፤ ካሴትም በማጫወቻው ራስ ላይ እየታሸ ያልቃል። ብርሃን ግን ሳይነካ ያነባልና ሲዲ በመሰማቱ ብዛት አያረጅም።

«ታዲያ የእኛው ስለ ምን አረጀ?» አልናቸው።

«የእናንተ በፋብሪካ የታተመ አይደለም፤ በቤት የተቀዳ ነው» አሉን። ገልብጠውም የታችኛውን ፊት ከሌላ ሲዲ ጋር አስተያዩን። የታተመው እንደ ብር ነጭ ነው፤ የእኛው ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። በፋብሪካ የሚታተመው ሲዲ ማኅተም በሰም ላይ እንደሚታተም በፕላስቲኩ ላይ ጕድጓዶቹ ይቀረጹበታል፤ ከዚያም በአሉሚኒየም ይሸፈናል። በቤት የሚቀዳው ግን በቀለም የተቀባ ነው፤ ሌዘሩ ቀለሙን እያቃጠለ ይጽፍበታል። ቀለም ደግሞ እንደ መጋረጃ ቀለም ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይደበዝዛል። የእኅታችን መደርደሪያ በመስኮት አጠገብ መሆኑን አስታወስንና እርስ በርሳችን ተያየን።

ሽማግሌው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ማንበቢያ በዝግታ፣ የተጎዳውን ስፍራ እየደጋገሙ ለማንበብ እንደሚሞክሩ፣ ለዚህም እስከ ዐርብ ድረስ ሲዲውን እንድንተውላቸው ነገሩን። እኅታችን ብዙ አመነታች፤ የአባቷን ድምፅ ሌላ ቅጂ የሌለው ሆኖ ሳለ በሰው እጅ ትቶ መሄድ ከበዳት። በመጨረሻ ግን ሲዲውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስረከበቻቸው።

ማክሰኞ ዕለት ኤማሲንገል በሚባለው ጎዳና ላይ ያለውን የፊሊፕስ ቤተ መዘክር ጎበኘን። ጄራርድ ፊሊፕስ ከአባቱ ከፍሬድሪክ ጋር ሆኖ በ1891 የኤሌክትሪክ አምፖል መሥራት የጀመረው በዚህ ስፍራ ነው። «የብርሃን ከተማ» የሚለው ስም የታወቀው በዚህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታኅሣሥ ወር 1942 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፋብሪካውን ለጀርመን እንዳይሠራ ሲሉ በቦምብ ደብድበውት ነበር፤ በዙሪያው የነበሩ ብዙ ነዋሪዎችም ሞተዋል።

ከዚሁ ኩባንያ መሐንዲሶች አንዱ ሉ ኦተንስ ነበሩ። እኒህ ሰው ለቴፕ የሚሆነው ዕቃ ምን ያህል ትንሽ መሆን እንደሚገባው ለመወሰን ሲሉ አንድ እንጨት አስጠርበው በኮት ኪሳቸው ይይዙ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። ሥራቸውም በ1963 ካሴት ሆኖ ወጣ። በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ስብከቱም፣ መዝሙሩም፣ ከባሕር ማዶ የሚላከው የድምፅ ደብዳቤም በእርሱ ይሰማ የነበረው ካሴት የእኒህ ሰው ሥራ መሆኑን ስንረዳ፣ በቅርብ የምናውቀውን ዘመድ ያገኘን ያህል ተሰማን። ኦተንስ ኋላም በሲዲው ሥራ ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ፤ በ2021 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ፊሊፕስ አዲሱን የብርሃን ሸክላ ለጋዜጠኞች ያሰማው መጋቢት 8 ቀን 1979 በዚሁ በአይንድሆቨን ነው። የዚያን ጊዜው ሲዲ ስፋቱ 11.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ይህም የካሴት የማዕዘን ለማዕዘን ርዝመት ነው። ከዚያ በኋላ ከጃፓኑ ከሶኒ ኩባንያ ጋር ተስማምተው አብረው ሠሩት። የሶኒ ሹም የነበሩት ኖሪዮ ኦጋ መሐንዲሶችን ከማስተዳደራቸው በፊት የዘፈን ትምህርት በጀርመን አገር የተማሩ ሰው ነበሩና፣ ረዘም ያለ የሙዚቃ ድርሰት ሳይቈረጥ እንዲገባበት ፈለጉ። በ1980 በተፈጸመው ስምምነት ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ጊዜውም 74 ደቂቃ ያህል እንዲሆን ተወሰነ። የመካከሉ ቀዳዳ ግን 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ዘመን በኔዘርላንድ ይሠራበት የነበረው ትንሹ የዐሥር ሳንቲም ገንዘብ ስፋትም ልክ ይኸው ነበር። ሳንቲሙ በ2002 በዩሮ ተተክቶ ቀርቷል፤ ልኩ ግን በሲዲ ሁሉ መካከል ይኖራል።

ረቡዕ ዕለት በእኅታችን ባል መኪና ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። በጀርመን ድንበር አጠገብ ግላኔ በምትባል መንደር ውስጥ የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገዳም አለ። ስሙ የማር አፍሬም ገዳም ነው፤ ይኸውም በየዕለቱ የምንጸልየውን ውዳሴ ማርያም እንደ ደረሰ የምናምነው ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም ነው። ከአገራቸው የተሰደዱ ሶርያውያን ይህን ስፍራ በ1981 ገዝተው ገዳም አደረጉት። ገዳሙን ያቋቋሙት ሜትሮፖሊታን ማር ዩልዮስ ኢየሱስ ቺቼክ በብዕር አጻጻፋቸው የታወቁ ነበሩ፤ ማተሚያ ቤትም መሥርተው ብዙ የሶርያ መጻሕፍት አሳትመዋል። በ2005 ዐርፈው የተቀበሩትም በዚያው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆመን ውዳሴ ማርያም ስናደርስ፣ ቅዱስ ኤፍሬም በሶርያ ቋንቋ የተናገረው በግእዝ ቋንቋ ወደ ቤቱ የተመለሰ መሰለን።

ከጸሎት በኋላ ያነጋገረን አንድ ዲያቆን ስለ አባታችን ሲዲ ስንነግረው ራሱን ነቀነቀና የራሳቸውን ታሪክ አወሳልን። የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ «ቤት ጋዞ» በሚባል መጽሐፍ ይገኛል፤ ትርጓሜው የመዝገብ ቤት ማለት ነው። እንደ እኛው ድጓ መጽሐፉ ብቻ አይበቃም፤ ዜማው በሊቃውንት ጕሮሮ ነው። ስለዚህ በ1960 ገደማ አብሮሆም ኑሮ የሚባሉ መምህር ፓትርያርኩ ማር አግናጥዮስ ያዕቆብ ሣልሳይ ራሳቸው ሲያዜሙት በቴፕ ቀዱት። ፓትርያርኩ በ1980 ዐርፈዋል፤ ነገር ግን በብዙ አገር የተበተኑት የሶርያ ዲያቆናት ዛሬም ዜማውን ከእርሳቸው ድምፅ ይማራሉ። እኒህ ፓትርያርክ በጥር ወር 1965 ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በጠሩት የአኀት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ አዲስ አበባ ተገኝተው ነበር። ስደተኛ ሕዝብ ቤቱንና ዕርሻውን ትቶ ሲሄድ የአባቱን ድምፅ ይዞ መሄዱን አሰብንና፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው የእኛው ሲዲ ትዝ አለን።

ሐሙስ ወደ ጀርመን ተሻግረን ሃኖቨር ገባን። ኤሚል በርሊነር በ1851 የተወለደው በዚህ ከተማ ነው። እርሱ በ1887 በአሜሪካ አገር ክቡን ሸክላና ግራማፎኑን ፈልስፎ፣ በ1898 ደግሞ በትውልድ ከተማው የሸክላ ፋብሪካ አቋቋመ። የበርሊነር የሸክላ ፋብሪካ የነበረበት ከተማ ለሲዲ የመጀመሪያው ሆነ። በሃኖቨር ዳርቻ ላንገንሃገን በሚባለው ስፍራ ነሐሴ 17 ቀን 1982 በዓለም የመጀመሪያው ለሽያጭ የሚሆን ሲዲ ታተመ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የቺሌው ተወላጅ ክላውዲዮ አራው በፒያኖ የተጫወታቸው የሾፓን ዋልሶች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን የሶኒ ማጫወቻ በጃፓን ለገበያ ቀረበ፤ በ1983 ለአውሮፓና ለአሜሪካ ደረሰ። በላንገንሃገን ለጎብኚ የሚሆን ብዙ ነገር የለም፤ የሥራ ሕንፃዎችና የአውሮፕላን ማረፊያው ናቸው። እኛም ጥቂት ቆመን አየንና ተመለስን።

ዐርብ ማታ አይንድሆቨን ስንደርስ ሽማግሌው በራቸው ላይ ሆነው ይጠብቁን ነበር። በመጀመሪያ ፊታቸውን ተመለከትን፤ ደኅና ነገር ይመስል ነበር። «ከአንድ ሰዓቱ ውስጥ ከ23 ሴኮንድ በቀር ሁሉ ተገኝቷል» አሉን። ቀጥለውም፣ ማጫወቻ ትንንሽ ጉድለትን በራሱ ስሌት እንደሚሞላ፣ ቍጥሮቹ በሲዲው ላይ ተበታትነው ስለሚጻፉ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የመሥመር ጉዳት ሳይሰማ ሊታረም እንደሚችል ገለጹልን። በአባታችን ስም ሥር የነበረው ቍስል ግን ከዚያ የሰፋ ነበር። «በጠፋው ስፍራ ሌላ ድምፅ አልጨመርኩበትም፤ ዝምታ ትቼበታለሁ። የአባታችሁ ያልሆነውን የአባታችሁ ነው ልላችሁ አልወደድኩም» አሉ። ዋጋውን ስንጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ እኅታችን በማግሥቱ የጾም እንጀራና ሽሮ ይዛላቸው ሄደች።

ቅዳሜ የደብረ ዘይት ሰንበት ዋዜማ ነበር። ስልኮቹ በሙዳዩ ውስጥ ገቡ፤ ሁላችን ተቀመጥን። አዲሱ ቅጂ ሲጀምር አባታችን ሳይንተባተቡ አዜሙ። ቃሉ ሁሉ በየቦታው ነበር፤ ዶሮውም ጮኸ። እኛ ግን የዝምታው ስፍራ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠባበቅ ነበር። ደረሰም፤ ድምፁም ቆመ።

ያን ጊዜ የዐሥር ዓመቱ ልጅ፣ ከምንጣፉ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ዜማውን ከቆመበት ቀጠለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየዓመቱ በዚህች ሌሊት የሰማው ነውና ሲዲው ሳይቈስል የነበረውን ያውቀዋል። የአያቱን መንቀጥቀጥ እንኳ ሳይቀር አዜመው። 23ቱ ሴኮንድ ሲያልቅ የአባታችን ድምፅ ተመለሰና ልጁን በመካከል አገኘው፤ ልጁም ዝም ብሎ ስፍራውን ለአያቱ ለቀቀ። እኅታችን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲዲው እስኪያልቅ ድረስ አንድም ሰው አልተናገረም።

በኋላ፣ «ማን አስተማረህ?» ብንለው፣ ጥያቄያችን ግራ ገብቶት፣ «አባባ ናቸዋ!» አለን። አያቱን በሥጋ አላያቸውም፤ እርሱ ሳይወለድ ዐርፈዋልና። ቀጥሎም፣ «ግን ቃሉ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም በልጅነታችን ከአባታችን እግር ሥር ሸሽተን ኳስ ስንጫወት የቀረብን ትምህርት ነበርና፣ የምናውቀውን ጥቂት ነገር ነግረነው ለሌላው አፈርን። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ልጁ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ካሉት ካህን ዘንድ ግእዝ መማር ጀምሯል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጉዞ የተማርነውን በአጭሩ ለእያንዳንዱ ቤት እናካፍላለን። ሲዲን ዳርና ዳሩን ይዛችሁ አንሡ። ሲቈሽሽ በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉት፤ ዙሪያውን አታሹት፤ መሥመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ከሁሉ የከፋ ነውና። በእስክሪብቶ አትጻፉበት፤ ስሙን በማኅደሩ ላይ ጻፉ። ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት፤ በማኅደሩ ውስጥም አቁሙት። የታችኛው ፊቱ እንደ ብር ያልነጣ፣ በቤት የተቀዳ ሲዲ ካላችሁ፣ በእርሱም የካህን፣ የእናት ወይም የአባት ድምፅ ካለ፣ ሳይንተባተብ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ስፍራ አስገልብጡት፤ የመጀመሪያውንም አትጣሉት። ድምፅ ማጉያዎቹን በክፍሉ በአንድ ወገን ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ የዜመኛውም ድምፅ ከመካከል ቆሞ እንደሚያዜም ሆኖ ይሰማችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን በሳምንት አንድ ማታ እንኳ ቢሆን አብራችሁ ስሙ። ሲዲ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከፕላስቲክና ከአሉሚኒየም የተሠራ ዕቃ ነው። የአባታችንን 23 ሴኮንድ ያቆየው ብርሃኑም ማሽኑም አልነበረም፤ በየዓመቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሰማ የአንድ ሕፃን ጆሮ ነበር።

የአባታችን ድምፅ አሁን ሦስት ቅጂ አለው። አንዱ በአይንድሆቨን ከመስኮቱ ርቆ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው በአዲስ አበባ በእኛ ቤት ነው፤ ሦስተኛውን አባታችን ወዳገለገሉባት ደብር ወስደን ለመሪጌታው አስረክበናል። በየቅጂው ላይ ደብረ ዘይት ሲደርስ 23 ሴኮንድ ዝምታ አለ። እንዲሞላ አልፈለግንም። ያን ስፍራ የሚሰማው ልጅ ሁሉ ራሱ እንዲያዜምበት ትተነዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።